የዳቦ ጋጋሪዋ ቁርስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዘጠኝ ቁልፍ ቀረጽኩ። የመድኃኒት ቤቱን የተጣበቀ በር ከፈትኩ። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

እትዬ ከዳቦ ቤት መጥታ ሳትበላ ተኛች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ባለፈው ወር አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል። "ብርድ ነው" ትላለች። ስድስት ወር ሙሉ ብርድ? ሆዷ ይነፋል፣ ያቅራታል፣ ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች። በአሥራ አንድ ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ፣ የዱቄት ጆንያ በትከሻዋ ትሸከም የነበረች...

ነገ የምርመራ ውጤቷ ይነገራታል። አብሬሽ ልሂድ አልኳት። "ሕፃን ነኝ?" አለች። እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን። "አንጀትዎ ውስጡ እንደ ፎጣ ፀጉር አለው። ምግቡን የሚመጥጠው ያ ፀጉር ነው። እርስዎ ስንዴ በበሉ ቁጥር ሰውነትዎ ራሱ ይላጨዋል። አሁን የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው።"

እንዴት ያለ ነገር ነው! ስንት ጥያቄ መጣብኝ። ሰውነት የራሱን ለምን ይላጫል? ተመልሶ ይበቅላል? ይበቅላል አለች። ስንዴና ገብስ፣ የእነሱም ዘመዶች በሙሉ ከቀሩ።

"እስከ መቼ ነው?" አለች እትዬ።

"ዕድሜ ልክ።"

"እንደ እስረኛ?"

ሐኪሟ ሳቀች። እትዬ አልሳቀችም።

ከዚያ ሐኪሟ "ሥራዎ ምንድን ነው?" ስትላት "ንግድ" አለች። ደጅ ስንወጣ ለምን ዋሸሽ ብላት፣ "ምን ዋሸሁ? ዳቦ አልሸጥም? መሸጥ ንግድ ነው" አለችኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት ዳቦ ጋግራለች። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ በዚያ ዳቦ ነው። እና አሁን የገዛ ዳቦዋን መብላት አትችልም...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ለቁርስ ያለኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ዛሬ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ። ከእጅ አይሻል ዶማ።

"ይኼ ቁርስ ነው ወይስ የመንገድ ስንቅ?" አለች። ግን በላች።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ሱቅ ሄድኩ። የቁልፍ ጥርስ የምመለከትበትን አጉሊ መነጽር ይዤ። የእሽጉ ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ሶያ ሶስ ውስጥ ስንዴ! የሾርባ ቅመም ውስጥ ስንዴ! ቋሊማ ውስጥ እንኳ። ስንዴ የማይገባበት ቤት የለም ለካ፣ እንደ ወሬኛ ጎረቤት።

ባለሱቁ ትዕግሥቱ አለቀ። "ምንድን ነው የምትፈልገው?"

"ስንዴ።"

"የዱቄቱ መደርደሪያ እዚያ ጋ ነው።"

"አይ፣ እንዳላገኘው ነው የምፈልገው።"

አንዴ እኔን፣ አንዴ መነጽሩን አየ። ያበድኩ መስሎታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

እስካሁን ያወቅኩት፦

ሩዝ ማታ ተቀቅሎ ካደረ፣ ጠዋት ከቲማቲምና ከእንቁላል ጋር ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። እትዬ ወዳዋለች። ድንች ተፍቆ፣ ውኃው በጨርቅ ተጨምቆ፣ መጥበሻ ላይ ጠፍጠፍ... አሥራ አንድ ደቂቃ። ጨርቁ ካልተጨመቀ ግን ጭቃ ነው የሚሆነው። ሁለት ቀን ጭቃ በላን።

የበቆሎ ገንፎ በወተት አራት ደቂቃ። ጣፋጭ። ግን ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ለካ ወተቱን የሚፈጨውም ያው ፀጉር ነው። ፀጉሩ እስኪበቅል ወተትም ይቅር አለች። ገንፎውን በውኃ ሠርቼ የተፈጨ ኦቾሎኒ አኖርኩበት። እሱ ተስማማት።

የሚገርመው... አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምበላው ነገር ውስጤ ገብቶ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ቁልፍ ሊያስቀርጽ መጣ። ድንች የምፍቅበት ጣቴ ላይ ፕላስተር አይቶ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

"እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት። መሪ ይዤ እንዳያዞረኝ ብዬ ቁርስ ሳልበላ አልወጣም።"

"ምን ትበላለህ?"

"ባቄላ ማታ ይቀቀላል። ጠዋት ከሰላጣና ከእንቁላል ጋር። ነጭ ዳቦ ከበላሁማ አራተኛው ፌርማታ ላይ እንቅልፍ ይመጣል።" ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። "የሽምብራ ዱቄት ሞክረሃል? በውኃ በጥብጠህ፣ ሽንኩርት ጣል አድርገህ። ለእኔም ለእህትህም ይሆናል።"

ሁለቱን በአንድ መጥበሻ! ይኼን ማን አሰበው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ወፍጮ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ከሽምብራው በፊት ምን ፈጫችሁ? "ስንዴ ነዋ" አለኝ ባለወፍጮው። ስለዚህ ትንሽ የቅመም መፍጫ ገዛሁ፤ ሽምብራውን ለቅሜ ቤት ፈጨሁ።

የመጀመሪያው ተጣበቀ። ሁለተኛውም። እትዬ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና መጥበሻውን ከእጄ ነጠቀች።

"ወግድ! መጥበሻ ሳይግል ሊጥ ይፈስበታል? ማን ነው ያሳደገህ?"

"አንቺ።"

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ሦስተኛው ጠርዙ ወርቅ መስሎ ወጣ። እጇ እንዴት ነው የሚያውቀው? በሕይወቷ የሽምብራ ሊጥ ነክታ አታውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አሁንም ታመመች። ሰሞኑን ይደጋግማታል።

አልገባኝም። ማንኪያው አዲስ ነው። መክተፊያው አዲስ። ወንፊቱን ጣልኩ። ድስቶቹን ሦስቴ አጠብኩ። ከምትበላው ውስጥ ያላየሁት ፍሬ የለም። ታዲያ ከየት ነው የሚገባው?

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝና አፌን መያዝ አቃተኝ። "እትዬ... ዳቦ ቤት ቀመስ አታደርጊም?"

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ተደብቄ? በዚህ ዕድሜዬ? እንደ ሌባ?"

አፈርኩ። ግን ጥያቄው እዚያው ነው። የማይከፈት በር ፊት ስቆም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። እንቅልፍ ይነሳኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተሰበረ። ዕቃው እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። እትዬ ቤት ውስጥ እንደ ታሰረ በግ ትዞራለች። መጋረጃዬን አጠበች። መሳቢያዬን አስተካከለች። አሁን ካልሲዬን ማግኘት አልቻልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 16

አራት ቀን። አንድ ጊዜ እንኳ ሆዷን አልያዘችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ምድጃው ትናንት ተጠገነ። ትናንት ሄደች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጥድፊያ ደግፋ አመጣቻት። (ጥድፊያ ሊጥ የምታቦካው የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ናት። ሁሉን በሩጫ ስለምታደርግ እትዬ ያወጣችላት ስም ነው።)

ያው ሩዝ። ያው እንቁላል። ያው መጥበሻ። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የዚህን ደብተር ገጾች ወደኋላ ገለጥኩ። የታመመችባቸውን ቀኖች አሰመርኩ።

ቦታው ነው የተለወጠው። ዱቄቱን አትበላውም። ትተነፍሰዋለች። አፏ ላይ፣ አፍንጫዋ ላይ፣ ጉሮሮዋ ላይ ያርፋል። ትውጠዋለች።

አገኘሁት ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

አልነገርኳትም። የሆዴን በሆዴ ይዤ ሁለት ቀን።

እንዴት ይባላል? "ቁርስሽን አገኘሁልሽ፣ ሥራሽን ተይ" ይባላል? ዳቦ ቤቱ ልጇ ነው። ሌላ አልወለደችም። ከእኔ በቀር።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ነገርኳት። ደብተሩን ከፍቼ ያሰመርኩባቸውን ቀኖች አሳየኋት።

አንድ በአንድ አየች። ከዚያ፦ "ስለኔ ስትጽፍ ነው የከረምከው?"

"ቀኑን ብቻ እይ፣ እትዬ።"

"ከዳቦ ቤቴ ልታስወጣኝ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ምን ሆንኩ? ዱቄት አሳደገህ እኮ! ዱቄት!"

በሩን ዘግታ ገባች። የዘጋችው መቀርቀሪያ እኔ የሠራሁላት ነው። ጥሩ መቀርቀሪያ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ድንች ጠበስኩ። ሳትነካው ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ዛሬ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አንድ የመስታወት ብርጭቆ አስቀመጠች። ግማሽ ውኃ አለው። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ተንሳፍፏል። ከሥሩ ደግሞ አተላ።

"ምንድን ነው?"

"ጠዋት ዳቦ ቤት እንደገባሁ ንጹሕ ውኃ ሞልቼ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት። ከሊጡ ርቆ። ማንም እንዳይነካው አልኩ። አራት ሰዓት ላይ አየሁት።" ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። "ስተነፍሰው የኖርኩት ይኼን ነው ለካ።"

ቁጭ ብለን ብርጭቆውን አየነው። እኔ ቀን ቆጠርኩ፤ እሷ ውኃ አስቀመጠች። የሷ ይበልጣል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልታየኝም ነበር።

ከዚያ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

ሐኪሟ ጋ ሄድን። እትዬ ገና ሳትቀመጥ "ዋሽቼሻለሁ ልጄ። ንግድ ብልሽም ዳቦ ጋጋሪ ነኝ" አለች።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ጭንብል ቢያግዝም ቀኑን ሙሉ ዱቄት ውስጥ ለሚውል ሰው አይተማመኑበትም አለች። በሌላው ሁሉ የፈለጉትን ያህል ቢጠነቀቁ ፀጉሩ በበቀለ ቁጥር ይላጫል።

እትዬ፦ "ያው ነው፤ አውቄዋለሁ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ለጥድፊያ እንድቀርጽ ጠየቀችኝ። ብዙ ቁልፍ ቀርጫለሁ፣ እንዲህ ያስቸገረኝ የለም። ሁለቴ አበላሸሁ።

ጥድፊያ ቁልፉን ስትቀበል "እኔ አልችልም እትዬ" ብላ አለቀሰች።

"ትችያለሽ። ቀስ በይ እንጂ ትችያለሽ።"

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ከጻፍኩ ቆየሁ። ከወጥ ቤት ተባርሬ ነው!

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግድግዳ እያየች ተቀመጠች። ፈራሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነስቼ ወጥ ቤት ብገባ መፍጫውን ታስጮኻለች። ሩዝ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ለየብቻ በየጣሳው። "ስንዴን ስንዴ የሚያደርገው መሳሳቡ ነው። ሌላው አይሳሳብም። ምን እንደሚያያይዘው ነው ማወቅ ያለብኝ።" እንቁላል ሞከረች። የተቀቀለ ድንች ሞከረች። የተልባ ውኃ ሞከረች፣ አያያዘ! ድንጋይ የሚያህል ነገር በላሁ፣ ሣር የሚመስል ነገር በላሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ለስላሳ ነገር... ሁለት በላሁ።

ሦስት ኪሎ ተኩል ጨምራለች። ሕመሙን የሚለካው የደሟ ቁጥርም እየወረደ ነው፤ በዚህ ጉዳይ መውረድ ጥሩ ነው። ግማሽ ስኒ ወተት ጠጣች፤ ሆዷ ዝም አለ። ሁለታችንም ሆዷን ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሰው ቢያየን ምን ይል ነበር?

በዳቦ ቤቱ በኩል ግን አታልፍም። ዞራ ነው ገበያ የምትሄደው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ "ና እንሂድ" አለችኝ። የት አልጠየቅኩም። እግሯ አቅጣጫውን ያውቃል።

ከዳቦ ቤቱ ማዶ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ጥድፊያ በመስኮት አየቻት። ሽርጧን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ አንድ ትልቅ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ይዛ እየሮጠች ወጣች። መሐል መንገድ ስትደርስ ግን ቆመች፤ መቅረብ ፈርታ።

"ልቡ አልበስል ይለኛል፣ እትዬ። ላዩ ቀልቶ ውስጡ እርጥብ ነው። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሰው ማጉረምረም ጀምሯል።"

"ገልብጪውና ቂጡን ምቺው" አለች እትዬ ከማዶ ሆና።

ጥድፊያ በጣቷ መታችው። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች።

"ድጋሚ።"

መታችው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ድብ ድብ የሚል ነገር ብቻ።

"ታፍኗል። ባዶ ቤት እንደሚያንኳኩት መጮህ አለበት። እሳቱን ቀንሺ፣ ስምንት ደቂቃ ጨምሪ። እየቸኮልሽ ነው።"

ጥድፊያ ሮጣ ገባች። ቆመን ጠበቅን። አውቶቡስ አለፈ። ልጆች አለፉ። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጥድፊያ ሌላ ዳቦ ይዛ ወጣች፤ መንገዱ ዳር ቆማ መታችው። ይኼኛውን እኔም ሰማሁት። ጠራ ያለ፣ ክፍት ድምፅ።

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። "እሱ ነው" አለች። "ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።"

ወደ ቤት ተመለስን። በረንዳው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘች።

"ራበኝ" አለች።

ቆም ብዬ አየኋት። ስንት ወር "ብዪ" ስል፣ ስማጸን፣ ስቆጣ ከረምኩ።

"ምን ልሥራልሽ?"

"አንተ? ተቀመጥ!" ብላ ቀድማኝ ደረጃውን ወጣች። አላረፈችም።