ፀሐይ በተጋረደች ቀን ያመለጠ ቃል

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለእህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ትንሿን ጉንፋኑ ለቀቃት? ባልሽን አልጠይቅሽም፤ ደኅና መሆኑን ቅዳሜ ዕለት ተቀምጦ ዓሣ ሲበላ አይቻለሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። «እትዬ» ብዬ ያልጀመርሁት ረስቼ አይደለም።

ሐይቁ ዳር ወዳለው ሆቴል የወሰድሽኝ ልቤን ልታሳርፊ ነበር። «ባልሽ ታሰረ ብለሽ አንቺም ቤት ተዘግተሽ ልትሞቺ ነው? ፀሐይ ትጋረዳለች ተብሏል፤ ነይ አብረን እንይ» አልሽኝ። ጸጉሬን በእጅሽ ሠራሽኝ። መጣሁ። ከእኛ ሌላ ፈንጠር ብለው የተቀመጡ ጥቂት እንግዶች ብቻ ነበሩ። አስተናጋጁ ሽቅብ እንዳናይ ብሎ ሳፋ ሙሉ ውኃ ሣሩ ላይ አስቀመጠልን። ባልሽ ሻምበል ክንዱ ቢራውን እየጠጣ ከማዶ ከገዳሙ በሚሰማው ደወል ይስቅ ነበር። «ቄሶቹ የዓለም መጨረሻ መሰላቸው» ይላል።

መጨለም እንኳ አልጨለመም። ብርሃኑ ደከመ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ሳፋው ውስጥ ፀሐይዋ ተገምጣ ታየችን። ክንዱ ጎንበስ ብሎ አየና ደስ አለው። «ነፍሱን ይማረውና፣ አምሐ ቢኖር እንደ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ያስረዳን ነበር» አለ።

ነፍሱን ይማረውና!

እኔ እሱን አላየሁትም፤ አንቺን ነው ያየሁት። ደንግጠሽ «ምን አልህ?» ብለሽ ብትጮኺ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። አንቺ ግን በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥሽው። «ባሌ መቼ ሞተ?» አልሁ። ክንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ «አልነገርሻትም እንዴ?» አለሽ። አንቺም ከሳፋው ቀና ሳትዪ «ሰኔ» አልሽ።

ከሰኔ ወዲህ እሑድ እሑድ የአምሐን ምሳ ዕቃ ከእጄ ስትቀበዪ ከረምሽ። «አንቺ እስር ቤቱ በር ላይ ባትታዪ ይሻላል፤ እኔን የሻምበል ሚስት ናት ብለው ያስገቡኛል» ስትዪኝ አመንሁሽ። ማታ ባዶውን አጥበሽ ትመልሺልኛለሽ። አንድ ቀን «ጨው አነሰው ብሏል» አልሽኝ፤ በሳምንቱ ጨመርሁ። ሌላ ቀን «ይበርደኛል ብሏል» አልሽኝ፤ ከጎረቤቴ ከወለተ ኪዳን ክር ለምኜ ሹራብ ሠራሁለት። እህቴ፣ ያን ሹራብ ማን ነው የለበሰው?

መስከረም ላይ መራዊ እናታችን ቤት ልጅሽ ክርስትና ስትነሣ እልል ያልሁት እኔ ነበርሁ። ባሌ አፈር ለብሶ እኔ እስክስታ መታሁ። አንቺ ደግሞ ቆመሽ አጨበጨብሽልኝ።

«ለምን?» ብዬ ስጠይቅሽ አለቀስሽ። «ጥቁር ብትለብሺ አለቆቹ ክንዱን ምን ይሉታል? አንቺንስ ይተዉሻል?» አልሽ። ምግቡንም ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች እሰጥ ነበር አልሽኝ። ብትነግሪኝ ለእነሱስ እየሠራሁ አልልክም ነበር? የተራበ ሰው ቢበላው የምቆጭ መሰልሁሽ? ባሌን ያሰሩት ሰዎች ወሰዱብኝ። ለቅሶዬን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ።

ተነሥቼ ሄድሁ። ፀሐይዋ ስትመለስ እንግዶቹ ያጨበጭቡ ነበር። ዘወር ብዬ አይቼሻለሁ፤ ልትከተዪኝ ብድግ ብለሽ ነበር። ባልሽ ክንድሽን ይዞ አስቀመጠሽ።

ሰኞ በታንኳ ወደ ገዳሙ ተሻግሬ አባ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄድሁ። ፍትሐት እንዲያደርጉለት ለመንኋቸው። የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «የሞተበትስ ዕለት?» አሉኝ። ሚስቱ ሆኜ «ሰኔ» ብቻ አልኋቸው። እሳቸውም አላስጨነቁኝም፤ መጽሐፋቸውን ገለጡ። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አለቀስሁ።

ቅዳሜ ያለበስሽኝን ቢጫ ቀሚስሽን ጥቁር አስነክሬዋለሁ፤ አይመለስልሽም። ቤቱን ለቅቄያለሁ። ወዴት እንደምሄድ ለወለተ ኪዳንም አልነገርኋትም፤ ባልሽ ሰው ልኮ እንዳያስጨንቃት። መራዊም አትፈልጉኝ። ከአምሐ ተማሪዎች ከመታሰር የተረፉት በሄዱበት መንገድ እሄዳለሁ፤ ሩቅ ነው ይላሉ።

ልጆችሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። የሰው ፊት ከማየት ይሰውራቸው። አንቺንም ይጠብቅሽ፣ ከምትፈሪው ሁሉ፣ በቤትሽም ውስጥ ካለው።

ስለ እኔ ክፉ ወሬ የሰማሽ እንደሆነ ለእናታችን በዕለቱ ንገሪያት።

የእናትሽ ልጅ