ከግማሽ በላይ የቆመው ጠቋሚ

ጥቅምት 6 ቀን 2014፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00
ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ አየሁ። ደህና። የነዳጁ ጠቋሚ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። ስለዚህ አልሞላም። የባለቤቴ የኃይሉ ሕግ ነው፤ ግማሽ ሲነካ ይሞላል፣ ከዚያ በታች አይወርድም። ወደዚህ አገር ሳንመጣ፣ አዲስ አበባ ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ዘመን ሰልፍ ላይ እያደረ የተማረው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመቱ፤ ሕጉ ግን ይሠራል። ጣሪያዋ የሚገለጥ ቀይ ስፖርት መኪናውን በየቅዳሜው አወጣታለሁ። ሳልሞላ ሦስተኛ ሳምንቴ። ቆጣቢ ሆነችልኝ፣ ማስታወሻዬ።

ያው ቀን፣ 10፡00
ቆጣቢ አልሆነችም። ናጉሩ ዳገት መሃል ቀጥ አለች። ታንከሩ ባዶ፣ ጠቋሚው ከግማሽ በላይ። ሦስት ባለቦዳዎች፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎች፣ ማስካቸው አገጫቸው ላይ፣ እስከ ማደያ ገፉልኝ። አንዱ፦ «ጃጃ፣ የውድድር መኪናሽን በእግራችን ቀደምናት!» በአገሩ ቋንቋ አያት ማለቱ ነው። ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አፈርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሴት፣ ሦስት ሳምንት ያልተነቃነቀ መለኪያ አመንኩ። ምክንያቱን ደረስኩበት። ኃይሉ እያለ ጠቋሚው ከግማሽ በታች ታይቶ አያውቅም። እዚያ ሳየው እሱ የሞላው ይመስለኛል።

ጥቅምት 7፣ እሑድ
ልጃችን ሶስና ከኪዋቱሌ መጣች። ማን እንደነገራት እንጃ። እማዬ፣ ወይ ይሠራ ወይ ትሸጥ አለች። ሰዓት እላፊ መንገድ ላይ ቢይዝሽስ? እውነቷን ነው። አባቷ መኪናዋን ያመጣ ቀን ሁለቱን ወንበሮች ቆጥራ፣ እኔ የት ልቀመጥ ነው ብላ አኩርፋ ነበር። እሱ፣ አንቺማ ታገቢያለሽ አላት። ዛሬ ብነግራት ሳቀች። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ፣ 9፡30
መካኒኩ ሳሎንጎ ዳሽቦርዱን ፈታው። (ሳሎንጎ፣ የመንታ አባት የሚጠራበት ነው።) ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ደህና። የተቃጠለው ጠቋሚው ራሱ ነው፤ ለብቻው አይገኝም። ከተጋጨች መኪና የወጣ ሙሉ የመለኪያ ሳጥን አለው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይቀየራል።
የእኛው ቆጣሪ ላይ ያለውን ቁጥር ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። 87,412። ጥቂቱ የእኔ፣ ሌላው ሁሉ የኃይሉ። ሺህ በሞላ ቁጥር የትም ይሁን ያቆም ነበር፤ ወርደን ያገኘነውን እንበላ ነበር። ማሳካ ላይ ማቶኬ፣ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ። ጂንጃ መንገድ ላይ ሮሌክስ የሚሉት በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ዘይቱ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ። ፎርት ፖርታል ሻይ ተክል መሃል ዝናብ ያዘን፣ ጣሪያው ተጣብቆ እምቢ አለ። በሰበስን። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።
ነገ መልሴን እነግርሃለሁ አልኩት።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ
ጠዋት ሄጄ ቀይረው አልኩት። አዲሱ ሳጥን ገባ፤ 140,263 ይላል። ሳሎንጎ፦ «ማዳም፣ ቆጣሪውን ስንት ላድርግልዎ?» ሰው ሁሉ ቀንስልኝ ነው የሚለው አለኝ። የድሮውን 87,412 ማስገባት ለእሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «ማን ያውቃል?» አለ።
አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ስንት ወላጅ ቢሮዬ መጥቶ 48ቱን 50 አድርጊልኝ ብሎ ለመነኝ። አንዱንም አላደረግኩም። አንዷ እናት አልቅሳ ወጥታለች። ዛሬ ለራሴ ላደርግ?
እኔ አውቃለሁ፤ ይሄ ቆጣሪ የእኛን መንገድ አልቆጠረም አልኩት። እንዳለ ተወው።
ሳቀ። ቁጥር ይብዛልኝ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም አለ። የማን 140,263 እንደሆነ ጠየቅኩት። አያውቅም። ያንንም ሰውዬ አንድ ቀን ከሚወደው ሰው ጋር ዝናብ ይዞት ይሆናል።
የእኛን ሳጥን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጭኔ ላይ አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። ጠቋሚው ከባዶ ተነሥቶ ሩብ ላይ ቆመ። እውነቱ ሩብ ነው።
ለሶስና ደወልኩ። አትሸጥም አልኳት።