በፍሉት ኖታ ትራምፔት ስለመንፋቴ

ለወጣት ማዕከሉ ኃላፊ
ቀን፦ ረቡዕ ጠዋት

ጉዳዩ፦ ከኦርኬስትራው የተባረርኩበት ደብዳቤ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

የለም ጌታዬ፣ አላታለልኩም። እርስዎ «አመራሩን አታሏል» ብለው ፈርመዋል። አታላይ ማለት የማይችለውን እችላለሁ የሚል ነው። እኔ እችላለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ ትራምፔት የሚነፋ የለም፤ ካላመኑኝ ጎኔ የሚቀመጠውን፣ «መነጽሩ» የምንለውን ልጅ ይጠይቁት።

1. ኖታ አላነብም፣ እውነት ነው። አጎቴ በአፉ እያዜመልኝ ነው የተማርኩት። ኦርኬስትራው ውስጥም አንዴ ከሰማሁ ይበቃኛል። ገጽ የምገልጠው መነጽሩ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ በቀር ማንም አልነቃብኝም።

2. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ልምምድ ላይ ኖታ የሚያድለው ሰው ተሳስቶ የፍሉቱን ወረቀት እኔ ፊት አስቀመጠ። ብቻዬን የምነፋውን ቦታ አንድም ሳልስት ጨረስኩ። መሪያችን ሊያመሰግኑኝ መጥተው ወረቀቱን አዩት።

«ይኼ እኮ የፍሉት ነው። ምን እያየህ ነው የምትነፋው?» አሉኝ።

«እርስዎን» አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ፣ እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ደብዳቤው ደረሰኝ። ትራምፔቱንም ንብረት ክፍል ተረከበኝ።

3. ትራምፔት ካልነካሁ ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው። የነፊ ከንፈር ሥራ ከፈታ ይሰንፋል። የምሠራው ጎሚስታ ቤት ነው፤ ቁጭ ማለት አቅቶኝ በጎማ መንፊያው ቱቦ ስለማመድ ደንበኛው ሁሉ ይስቅብኛል። እናቴ ለቅዳሜው የኦርኬስትራው ዝግጅት ጎረቤቱን በሙሉ ጠርታለች። መባረሬን አልነገርኳትም። ከሥራ ስወጣ ልምምድ አለኝ እያልኩ መንገድ ለመንገድ እዞራለሁ። ማታለል ካሉ፣ ያታለልኩት እሷን ነው።

4. የምጠይቀው ቀላል ነው። ሰምቼው የማላውቀውን ዜማ አንዴ ያሰሙኝ። ከደገምኩት ቅዳሜ ቦታዬ ላይ ልቀመጥ። ከሳትኩ ራሴ እወጣለሁ፤ ግን አልስትም። ኖታውን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ከጀማሪ ሕፃናቱ ጋር እማራለሁ፣ ያ ትንሽ ወንበር ባይችለኝም። እስከዛሬ አስተምሩኝ ያላልኩት አፍሬ ነው እንጂ ንቄ አይደለም።

መልስዎን በደብዳቤ አይላኩት፣ ይዘገያል። ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ይደውሉልኝ። ና ወይም ቅር፣ አንዱን ይበሉኝ።

ከአክብሮትና ከችኮላ ጋር፣

(ፊርማ)
አንደኛው ትራምፔት