ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር

ነሐሴ 14፣ ወረታ

…መዳፋችንን አጋጥማ «እኩል ናችሁ» ትለን ነበር እናታችን። ዋሽታለች።

ዛሬ ታላቅ እኅቴ አስካል ከገጠር፣ ከቁሐር ሚካኤል፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ መጣች። ክረምቱ አጥንቷ ድረስ ለገባባት እናታችን ከአሮጌ ቀሚሶች የምንቀጣጥለውን ብርድ ልብስ ልንሰፋ ነው። ግማሹን ቁራጭ እሷ፣ ግማሹን እኔ፣ በየቤታችን ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር ቆርጠን ነበር። ምንጣፉ ላይ ስንደረድረው የእሷ ሁሉ ከእኔ በሁለት ጣት በለጠ።

«ያንች ስንዝር ከተማ ገብቶ አጠረ» ብላ ሳቀች።

ሩዝ ሲያርም የኖረ ዝርግ፣ ሸካራ እጅ። በእሱ ልትለካኝ! የእኔን ቁራጮች ዙሪያቸውን በቀጭን ጨርቅ ከብቦ ማስፋት ይቻል ነበር። ግን ለምን የእኔ ይታረም? እግሯን ልትታጠብ ደጅ ስትወጣ የእሷን በመቀስ መከርከም ጀመርሁ። ሦስተኛው ከሠርግ ቀሚሷ የተቆረጠ ነበር። የጥልፉ መስቀል እኩሌታ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ተመልሳ አየችው። የራሷን ቁራጮች ለቅማ በነጠላዋ ቋጠረች።

«በይ፣ እናታችን ባንች ስንዝር ልክ ትሙቅ።»

የእኔ ብቻውን የእናታችንን ጉልበት አያልፍም። ጥልፉ ድሮም ያስጠላኝ ነበር ልላት አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ።