የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አቶ ያርጋል ቢራራ (1955–2010 ዓ.ም.)

አቶ ያርጋል ቢራራ ከአባታቸው ከአቶ ቢራራ ሀብተ ሚካኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዬ ደርቤ በ1955 ዓ.ም. አምባራስ ላይ ተወለዱ። ትናንት ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው በእግራቸው ከቤት የወጡትን ሰው ታሪክ ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ መጻፋችንን እኛ ቤተሰቦቻቸው ገና አላመንንም።

ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ሊቀበሉ ሲሉ አባታቸው ስላረፉ ወደ እርሻው ተመለሱ። በ1984 ዓ.ም. ደባርቅ ገብተው ከደጋ በበቅሎ ገብስ እያወረዱ መሸጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ በከተማው የሚያውቃቸው አልነበረም፤ ለእድር መግቢያ የሚሆንም በእጃቸው አልነበረም። የእድሩ ሽማግሌዎች «ድምፅ አለህ፤ ለቀብር ጥራልን» ብለው ጡሩምባውን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ባረፈ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጡሩምባ እየነፉና የሟቹን ስም እየጠሩ በየደጁ ሲዞሩ ኖሩ።

በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስጦታ ወልደ ገብርኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው የሺዋስን፣ እየሩስንና ናዝራዊትን ወለዱ። ሀብቱም ተከትሎ መጣ፤ በ1991 ዓ.ም. አይሱዙ ገዙ፣ በ1997 ዓ.ም. ወፍጮ ቤት ተከሉ፣ በ2003 ዓ.ም. ሆቴል ሠሩ።

እንግዲህ ባለጸጋ ሆነዋልና ጡሩምባውን ለሌላ ሰጥተው የእድሩ ሊቀመንበር እንዲሆኑ ተለመኑ። እምቢ አሉ። የበኩር ልጃቸው የሺዋስ ደግሞ የሆቴሉ ባለቤት በየመንደሩ ሲጮሁ መታየታቸው ስላሳፈረው ሰው እንቀጥር አላቸው። ተቆጡ። «ልጄ፣ እኔኮ የሰው ደጅ የምረግጠው በዚች ሰበብ ነው። ይችን ከተውኋት ሀብቴ በር ዘግቶብኝ ይቀራል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ ማን ይነግረኛል?» አሉት።

እውነትም ድንኳን ተነሥቶ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ዱቄት በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ወደ ሐዘን ቤቱ የሚመለሱት እርሳቸው ነበሩ። ቁጣቸው ግን አይጣል ነው! ከቀብር ቀርቶ ቅጣት በመክፈል የሚገላገለውን ባለሱቅ ገበያ መሀል ያዋርዱት ነበር። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ዱቄትም ሆነ ገንዘብ ብቻውን አያጽናናም» ይሉ ነበር።

ትናንት ኅዳር 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ መኪና ሲያስጭኑ፣ ትንሽ ልረፍ ብለው ኬሻው ላይ ተቀመጡ። በዚያው አረፉ። አስታመምናቸው እንዳንል አልታመሙም፤ ተሰናበቱን እንዳንል አንድ ቃል አልተናገሩም። ወይዘሮ ስጦታ እስኪመሽ ድረስ ምሳቸውን ከድነው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ሬሳው እልፍኝ ውስጥ ተኝቶ እንኳ ምሳውን አንሡት ለማለት የደፈረ የለም።

እርሳቸው ለንግድ ጎንደር ሲሄዱ ጡሩምባውን የሚነፉት ጎረቤታቸው አቶ ክንዴ ነበሩ። ትናንትም አቶ ክንዴ ወጥተው ነፉ፤ ስሙን መጥራት ግን አቃታቸው። ጡሩምባውን ብቻ እየነፉ ዞሩ። ስም ያልሰማው ሕዝብ፣ እንዲህ ሲሆን እንደለመደው፣ ማን እንደሞተ ሊጠይቅ ወደ አቶ ያርጋል ደጅ ጎረፈ። ዓይናቸው የደከመና መሪ የሌላቸው የሰፈራችን አሮጊት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ከበሩ ላይ «ያርጋልዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አረፈብን?» ሲሉ ተጣሩ።

  ይህን ጊዜ የሺዋስ ጡሩምባውን ከአቶ ክንዴ እጅ ተቀብሎ ወጣ። ነፋ፤ የአባቱን ስም ጠራ። ከዚያም አንድ ደጅ ሳይዘል፣ እየነፋና እየጠራ እስከ መናኸሪያ ድረስ ከተማውን ዞረ።

አቶ ያርጋል በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። የስንቱን ስም በሐዘን የጠሩትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔርም በስማቸው ጠርቶ ከአብርሃም ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያስቀምጥልን። አሜን።