ሄዳ የምትመለስ ነፍስ

ጥቅምት 4
ዛሬም እንቅልፍ ጣለኝ። የደንበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ የስፌት መኪናው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ዳውድ፣ በሰፈራችን በሳጃና ሙሉ በሥራ ሰዓት የሚያንኮራፋ ልብስ ሰፊ አንተ ብቻ ነህ ብሎ ሳቀብኝ። እግሬም አብጧል።
በቀለች ደግሞ የሚያስፈራኝ ማንኮራፋትህ ሳይሆን ድንገት ዝም ማለትህ ነው ትላለች። ዱካክ ይሆናል አልኳት። ሚስት ማንኮራፋት ናፈቀኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም...

ጥቅምት 9
ሐኪም ቤት። ልጄ ህሊና አብራኝ ሄደች። ልቤ ደክሟል፤ ይሄ አዲስ አይደለም፣ ኪኒኑን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እኔን ራጅ ሲያስነሱኝ ዶክተር ከውሰር የቀረውን ለህሊና ነገረቻት። አረብኛው መች ያቅተኝ ነበር፤ ግን አልነበርኩም።
ሪክሻ ውስጥ ምን አለች አልኳት። ልጅቱ እዚሁ አረብ አገር ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ የሰንበት ትምህርት ቤት አማርኛ ነው። አሰበች፣ አሰበችና፦
«አባዬ፣ ስትተኛ ነፍስህ ትቆማለች። ትሄዳለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።»


ጥቅምት 10
ሄዳ ትመለሳለች... አንድ ቀን ባትመለስስ?

ጥቅምት 16
አልጋውን ትቻለሁ። ወንበር ላይ ነው የማድረው። ሲያንጎላጀኝ ፊቴን እታጠባለሁ። በቀለች ምን ሆነሃል ትላለች። ምን ብዬ ልንገራት?
ከሐኪም ቤት የእንቅልፍ መለኪያ ሰጥተዋት ህሊና ይዛ መጣች። ጣትና ደረት ላይ ታስሮ የሚታደርበት። መልሺው አልኳት። ነፍስ በሽቦ ትለካለች እንዴ? «አባዬ፣ ያላ፣ ለእኔ ስትል» ብላ አለቀሰች። እምቢ አልኩ።
ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 25
እግሬ ጫማ አልገባ አለ። ከሱቅ እስከ መንገዱ መራመድ አቃተኝ። ዳውድ ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። አስተኙኝ። የትም ቢሆን መተኛት አልቀረልኝም።

ጥቅምት 27
ውኃ የሚያስወጣ መርፌ ወግተውኝ እብጠቱ ጎደለ። ከውሰር መጣች። ተቆጥታለች። እንቅልፍ እየከለከልከው ልብህ ኪኒን ብቻውን ምን ይፈይድለታል? መለኪያውንስ ለምን መለስክ? በአረብኛ እውነቱን ነገርኳት። ሩሔ፣ ነፍሴ፣ ስትለየኝ እንዲለኩብኝ አልፈልግም አልኳት። ግራ ገባት።
«ሩሕ ሸኑ፣ ያ አሚ? ነፈስ! ሃዋ በስ።»
ነፈስ... ትንፋሽ! የምን ነፍስ አጎቴ፣ አየር ብቻ ነው ማለቷ ነው። ተኝቼ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ትንፋሼ ይቋረጣል፤ የደከመው ልቤ ይባስ ይደክማል። ይኸው ነው ነገሩ።
ህሊና ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። «ነፈስም ነፍስም አንድ መስሎኝ» አለች ቀስ ብላ። ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ኅዳር 6
ቤቴ ነኝ። መለኪያው ታሰረልኝ፣ ተኛሁ።

ኅዳር 14
ውጤቱ መጣ። እውነትም ጉሮሮዬ ነው። ሐኪም ቤቱ ማሽን አዋሰኝ። አፍንጫ ላይ ጭምብል ይታሰራል፤ በቱቦ አየር እየነፋ ጉሮሮዬን ክፍት ያደርጋል። ልብህን ያሳርፈዋል እንጂ አያድነውም፣ ኪኒኑ ይቀጥላል አለች ከውሰር።
መስታወት አየሁ። ዝሆን መስያለሁ። ጎትቼ አወለቅሁት፤ በቀለች መልሳ አሰረችው። እንደገና አወለቅሁ። እንደገና አሰረች። ከእሷ ጋር እልህ ተጋብቶ ያሸነፈ የለም።

ኅዳር 21
መብራት ጠፋ፣ ማሽኑም ቆመ። ጭምብሉን አውልቄ፣ ትራስ ደርቤ በጎኔ ተኛሁ። ከውሰር ያለችው እንደዚያ ነው። ጠዋት ነቃሁ፣ አለሁ።

ታኅሣሥ 8
ከሱቅ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። መንገድ ላይ አላረፍኩም። የስፌት መኪናው ላይ ከተደፋሁም ሰነበትኩ፤ ዳውድ የሚስቅበት አጥቷል።
ቤት ገብቼ ጋደም ልል ፈለግሁ። ጭምብሉ ቦታው ላይ የለም። የት አደረጋችሁት ብዬ ተጣራሁ። ህሊና ከግቢው መለሰችልኝ፦
«አባዬ፣ ነፍስህን አጥቤ አስጥቻታለሁ። ገና አልደረቀችም።»
ወጥቼ አየሁ። ገመድ ላይ፣ ከካልሲዬ አጠገብ ተንጠልጥላለች። በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ትድረቅ... አልቸኩልም።