ወረቀቱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው

ትሌምሰን፣ አልጄሪያ
እሑድ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2018

ስልክ ለምትዘጊብኝ፣ እኔ ግን መቼም ለማልዘጋብሽ ልጄ ለነዝሃ፣

እንዴት ነሽ? ኦርሁን ደህና ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም በኢስታንቡል ብርድ አንገትሽን ገልጠሽ ነው የምትወጪው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እግሬ ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሯል፣ ፊቴ ከስሏል፤ ልቤ ግን በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደዚህ ደልቶት አያውቅም።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ የአባትሽን ስም ባነሳሁ ቁጥር «እማ፣ በር ተንኳኳ» ትይኛለሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ በርሽን የሚያንኳኳው ማነው? ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትወረውሪው እንኳ ዞር ብለሽ እንደምታነሺው አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ከፊት ልንገርሽ፦ የፍቺ ወረቀቴን እፈልገዋለሁ። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት የሰጠኝን ወረቀት በእጅሽ አስይዤ፣ «አንድ ቀን ልቤ ሳስቶ ብጠይቅሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ» ብዬሽ ነበር። አንቺም «ሞቼ እገኛለሁ» ብለሽ ማልሽ። ቤታችን ባለበት በኡጅዳ ጋብቻ የሚያዋውሉት ሰውዬ ደግሞ ትናንት በስልክ ብጠይቃቸው፣ «የፍቺው ወረቀት ሳይቀርብ አዲስ ውል አልጽፍም» አሉኝ። አዎ፣ አዲስ ውል። አዎ፣ ከአባትሽ ጋር። በይ አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

ከአስተማሪ ጓደኞቼ ጋር ነው የምጓዘው ያልኩሽ ውሸት ነበር። ይቅር በይኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ተማሪ ሲዋሸኝ ከዓይኑ ነበር የማውቀው፤ ለካስ በስልክ መዋሸት ቀላል ነው።

የጀመረው በፌብሩዋሪ ነው። ጡረታ ወጥቼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ቱኒስን በጠመኔ ሺህ ጊዜ ነጥብ አድርጌያታለሁ፤ አንድ ቀን ግን አላየኋትም። በር ተንኳኳ። ብከፍት አባትሽ ሁለት የጀርባ ቦርሳ በሁለት ትከሻው አንጠልጥሎ ቆሟል። ከሱቁ ደጃፍ ሸራ ራሱ ነው የሰፋቸው። ጀላባ ሲሰፋ ኪስ ይረሳል እያልን እንስቅበት አልነበር? ለእያንዳንዱ ቦርሳ አስራ አንድ ኪስ አውጥቶለታል።

«ባቱል፣ ቱኒስ ልውሰድሽ?» አለኝ።

«ምኔ ሆነህ?»

«መንገደኛ ሆኜ።»

ስንጋባ የሞሮኮና የአልጄሪያ ድንበር ክፍት ነበር፤ ባቡርም ነበር። በባቡር ቱኒስ ድረስ ወስጄ ከተሞቹን በሙሉ አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። ከዚያ አንቺ ተወለድሽ፤ አራት ዓመት ሲሞላሽ ድንበሩ ተዘጋ። አባትሽ ያን ቀን ከቃሉ የተገላገለ መስሎኝ ነበር። አልረሳውም ለካ።

እኔን ግን የያዘኝ ቃሉ አይደለም። «ልውሰድሽ?» አለኝ፣ ነዝሃ። ጠየቀኝ። አብረን በኖርንባቸው ሃያ ሦስት ዓመታት ይህ ሰው አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ቤት ሲቀይር፣ ሱቅ ሲከፍት፣ ኮንትራት ሲይዝ እኔ የምሰማው ከጎረቤት ነበር። አልሰደበኝም፣ እጁንም አላነሳብኝም። ዝም ብሎ ይወስናል፣ ከዚያም ዝም ይላል። በሠርግሽ ቀን የኦርሁን እናትና አባት ከኢስታንቡል መጥተው ሳሎናችን ተቀምጠው፣ አንቺ በሒና ያጌጡ እጆችሽን ይዘሽ በሩን በሩን ስታዪ፣ እሱ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ስፌት ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን የጠላሁት ስላልመጣ ብቻ አልነበረም። ለምን እንደማይመጣ እንኳ አልነገረንም።

አንቺ «እማ የተፋታችው በኔ ምክንያት ነው» እያልሽ እንደምትኖሪ አውቃለሁ። አክስትሽ ነግራኛለች። አይደለም። የኔ ጽዋ ከሞላ ቆይቷል። የተፋታሁት ለራሴ ስል ነው፤ አሁንም የማገባው ለራሴ ስል ነው። ይህን ሸክም ከጀርባሽ አውርጂው፤ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅልሽም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ሦስት ነገር አስማልኩት፦ መኝታችን ለየብቻ ይሆናል፤ ካርታው የሚያዘው በኔ እጅ ነው፤ ከእንቁላል እስከ አውቶቡስ ሳይጠይቀኝ የሚወስነው ነገር አይኖርም። «እሺ» አለ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ አስር ሰዓት ሙሉ ወደ ምዕራብ በባቡር ተጓዝን። ከካዛብላንካ በአውሮፕላን ቱኒስ ገባን።

ቱኒስ ውስጥ አባትሽ ጥያቄ ለመደና ፈጀኝ። «ባቱል፣ ሽንኩርቱን ላውጣው?» «ባቱል፣ በዚህ በኩል እንታጠፍ?» «ባቱል፣ ጫማዬን ላውልቅ?» በሦስተኛው ቀን፣ «ላርቢ፣ አላህን ፍራ፣ ጫማህ ያንተ ነው!» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ የፊት ጥርሱ አንዱ እንደወለቀ ያኔ አየሁ። መቼ እንደወለቀ አላውቅም፤ እኔ በሌለሁበት ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ነገር አሳዘነኝ።

ቀይረዋን ስንደርስ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ እግር ናት፤ አንቺን የምታክል። መታወቂያችንን አየችና፣ ባልና ሚስት መሆናችንን ልታረጋግጥ፣ «የቤተሰብ ደብተራችሁን» አለች።

«የለንም። ሁለት ክፍል ነው የምንፈልገው» አልኳት።

«ሐጃ፣ ይቅርታ፣ እኚህ ምንዎ ናቸው?»

«የቀድሞ ባሌ።»

«ታዲያ ለምን አብራችሁ ትጓዛላችሁ?»

«ያኔ አብረን ስላልተጓዝን።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችን። ማታ ለሁለታችንም ሳንጠይቅ በቴምር የተሞላ መቅሩድ በሳህን ላከችልን፤ በእኔ ሳህን ላይ ግን አንድ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ወደ አልጄሪያ ተሻገርን። ኮንስታንቲን ከተማዋ ገደል ለገደል ናት፤ ከሰፈር ሰፈር የሚሻገሩት በድልድይ ነው። በሰሌዳ ላይ ስስላት ቀጥ ያለ መሬት ላይ ነበር የማስቀምጣት፤ ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ድልድዩ መሐል ስንደርስ አባትሽ ቆመ። ከፍታ እንደሚፈራ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ቦርሳውን ልያዝለት ብዬ ብቀበለው ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ።

«ምን ከተህበት ነው? ድንጋይ ነው?»

«ካውያ ነው።»

«ካውያ! ሦስት አገር ልትዞር ካውያ ይዘህ ወጣህ?»

«ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ካንቺ ጋር ልሂድ?» አለኝ። ከዚያም ቁልቁል ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ባቱል፣ እጅሽን ልያዝ?»

ያዘ። ማዶ ደርሰንም ቶሎ አልለቀቀኝም፤ እኔም አላስለቀቅኩትም። ይህ ለልጅ አይጻፍም፤ ግን ጻፍኩት።

ትሌምሰን የገባነው ረቡዕ ዕለት ነው። ያረፍነው ላላ ሕዋሪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው፤ ለእንግዳ ክፍል ታከራያለች። እሷም እንደ ሌሎቹ የቤተሰብ ደብተር ጠየቀች። እኔ ለአምስተኛ ጊዜ ታሪኩን ልጀምር አፌን ስከፍት አባትሽ ወደኔ ዞሮ፣ «ባቱል፣ ደብተሩን ዳግመኛ እናውጣው እንዴ?» አለኝ።

ላላ ሕዋሪያ ሁለቱን ቁልፎች በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ሰውዬው ምን እያለ ነው?» አለችኝ።

«እያገባኝ ነው» አልኳት።

«እዚህ? እኔ በር ላይ? ቆይ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ልቀይር!»

እሱን ግን፣ «ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ነዝሃ ሳታውቅ መልስ የለኝም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ።

አየሽ፣ ከዚህ እስከ ቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ድንበሩ ዛሬም ዝግ ስለሆነ፣ ለመድረስ ግን ወደ አልጀርስ ተመልሰሽ፣ በአውሮፕላን ካዛብላንካ ሄደሽ፣ ከዚያ እንደገና አስር ሰዓት በባቡር። ስለዚህ ለአክስትሽ ለያሚና ደወልኩና፣ «ቅዳሜ ቢን ላጅራፍ ነይ፤ ዘንድሮ ከማዶ ሆኜ የማውለበልብልሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ቢን ላጅራፍን አልረሳሽውም መቼም። ሰዒድያ ባሕር ልንሄድ ስንል መኪናውን ድንበሩ ዳር አቁመን፣ አንቺ አባትሽ ትከሻ ላይ ተቀምጠሽ፣ ከወንዙና ከአጥሩ ማዶ ለቆሙት አልጄሪያውያን እጅሽን ታውለበልቢ ነበር። አንዳቸውንም አታውቂያቸውም። እጅሽ እስኪዝል አታቆሚም ነበር፤ እነሱም አያቆሙም።

ትናንት ዓለም ሁሉ ወጥቷል። ከዚህም ከዚያም መኪናው ተደርድሯል፤ የሚጣራው ይጣራል፣ የሚዘፍነው ይዘፍናል። ያሚናን በቀይ ሻርፗ ለየኋት። እሷ ግን ከኔ በፊት ሌላ ሰው ለየች።

«ባቱል! ያ አጠገብሽ ያለው ሽበታም ማነው?»

«የጉዞ ጓደኛዬ!»

«ላርቢን ይመስላል!»

«ይመስላል!»

«ዓይኔ አልጠፋ! ላርቢ ነው! አንቺ ሴት፣ ታረቅሽ?»

ሰዉ ሁሉ ወደኛ ዞረ። ከጎኔ ለውዝ የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ፣ «እቴ፣ መልሺላት እንጂ፣ እኛንም አታጓጊን» አለኝ። እኔ፣ አርባ ተማሪ በአንድ ቃል ዝም የማሰኝ ሴት፣ አፌ ተሳሰረ።

«ነዝሃስ? ነዝሃ ታውቃለች?» አለች ያሚና።

ይኼኔ አባትሽ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አደረገ። ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁ ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አታውቅም! በሠርጓ ቀን ሱቄን ዘግቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ! ልጁ ምንም አላጠፋም! ሳትጠይቀኝ መረጠች ብዬ ነው የተቆጣሁት! እኔ ራሴ በዕድሜዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም! ልጄን በድያታለሁ!»

ሁለት አገር ሰማ። ከሞሮኮ በኩል የማናውቀው ሰው ድምፅ መጣ፦

«ሰውዬ! ታዲያ ለኛ ምን ትነግረናለህ? ለሷ ንገራት እንጂ!»

ያኔ ሁለቱም ወገን በሳቅ ፈነዳ፤ ያሚና ሳይቀር። አባትሽ ግን አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «እውነቱን ነው» አለ። አስር ጊዜ ደውሎልሽ፣ ድምፅሽን ሲሰማ እንደዘጋው ያኔ ነው የነገረኝ። ያ ሳይናገር የሚዘጋብሽ ሰው፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው ያልሽኝ፣ አባትሽ ነበር።

በመኪና ስንመለስ፣ «ባቱል፣ ኢስታንቡል ልሂድ? አብረሽኝስ ትመጫለሽ?» አለኝ። እኔም ለሁለቱም፣ ረቡዕ ዕለት በር ላይ ለጠየቀኝም ጭምር፣ «ነዝሃ ከፈቀደች እሺ» አልኩት።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ወረቀቱን በፖስታ ላኪልኝ ልልሽ ነበር። ተውኩት። አትላኪው። ግልባጩን ከፍርድ ቤት ማውጣት እንደምችል አውቃለሁ፤ አልፈልግም፤ ከአንቺ እጅ ነው የምፈልገው። ላላ ሕዋሪያ ማክሰኞ ጨርቅ ልትገዛ ኢስታንቡል ስለምትበር ደብዳቤውን ራሷ ታደርስልሻለች፤ ሻይ አጠጪያት፣ ወሬ ግን አትጠይቂያት፣ ጨምራ ነው የምትነግርሽ። እኛ አርብ ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን። ለኔ ከጎንሽ አንጥፊልኝ። ለአባትሽ ሳሎን ይበቃዋል፤ ወረቀቱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፣ እስክትሰጪኝ ድረስ ለኔ ባዳ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ሳትፈቅጂለት ደረጃሽን አልወጣም ብሏል። እኔ እወጣለሁ፤ እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ልቤ እሺ አይለኝም ካልሽ መስኮቱን አትክፈቺው፤ ሆቴል ይሄዳል፣ እኔም አልቀየምሽም፣ ወረቀቱንም አልጠይቅሽም። እሺ ካልሽ ግን እንደ ልጅነትሽ እጅሽን አውለብልቢለት። በመሐላችሁ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ወታደር የለበትም።

አላህ ቤትሽን ሙሉ፣ ሳቅሽን ቅርብ ያድርገው። ኦርሁንን ሳሚልኝ፤ ያን ቀን ሳሎናችን ተቀምጦ በትዕግሥት የጠበቀውን አልረሳሁለትም።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ባቱል

ተጨማሪ፦ ከሩቅ እንድትለይው ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተኩሶታል።